ከባህር በታች የተቀበረ ጋዝ እንዳላመለጠ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በርገን፣ ኖርዌይ ነው። ከከተማችን ብዙም በማይርቀው ኦይጋርደን ከፋብሪካ የተሰበሰበ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመርከብ እየመጣ ከባህር ወለል በታች ይቀበራል። ‹ክትትል ይደረግለታል፣ አያመልጥም› ይሉናል። ማንም ወርዶ ያላየውን ነገር አለማምለጡን በምን ያውቃሉ? ካሜሩን ውስጥ ከሐይቅ የወጣ ጋዝ ሰው እንደፈጀ አንብቤ ስጋት ገብቶኛል።»

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። በዚህ ሙያ የምንሠራ ሰዎችም «ባለሙያዎች እየተከታተሉት ነው» ብለን ልናልፈው አይገባም። ጋዙን ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ግን በአንድ መሣሪያ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መሣሪያም ከዚህ በታች አላይም የሚልበት ወሰን አለው። ስለዚህ አንድ ድርጅት «አላመለጠም» ሲልዎ «ቢያመልጥ ኖሮ ስንት ቶን ሲደርስ ታዩት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ እንዲረዳዎ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የካሜሩኑን ላንሳ፤ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነውና። ኒዮስ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ከስር የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሐይቁ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ለረጅም ጊዜ ተጠራቅሞ ነበር። ነሐሴ 1986 ላይ በአንድ ምሽት ውሃው ተገለበጠና ጋዙ በአንዴ ወጣ። ከአየር ስለሚከብድ ሸለቆውን ይዞ ወረደ። ወደ 1,700 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ብዙው በተኛበት። ከባህር በታች የሚቀበረው ጋዝ ግን ዋሻ ወይም ገንዳ ውስጥ አይቀመጥም። በአሸዋ ድንጋይ ቅንጣቶች መካከል ባሉ፣ ከሚሊሜትር ባነሱ ክፍተቶች ውስጥ ከጨዋማ ውሃ ጋር ተጋፍቶ ነው የሚኖረው። ከላዩ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ውፍረት ያለው ዓለት አለ። እንደ ሐይቅ ተገልብጦ በአንድ ሌሊት የሚወጣበት መንገድ የለውም። ማምለጫ ካገኘ በአሮጌ ጉድጓድ ወይም በዓለት ስንጥቅ በኩል ቀስ እያለ ነው። አደጋ የለውም አላልኩም። የአደጋው ዓይነት ሌላ ነው። የክትትሉ ዘዴም የሚመረጠው ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው።

አንድ የፊዚክስ ነገር እዚህ ላይ ይያዝልኝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ፣ ግፊቱ ደግሞ ከ74 ባር ሲያልፍ ጋዝም ፈሳሽም ያልሆነ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ይሆናል። ወደ 800 ሜትር ገደማ ከወረዱ ይህ ሁኔታ በአብዛኛው ይሟላል። አንድ ቶኑ ምድር ላይ ከ500 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይይዝ የነበረው እዚያ አንድ ሜትር ኩብ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ሆኖም ከጨዋማው ውሃ አሁንም ይቀላል። ስለዚህ ወደ ላይ ሊንሳፈፍ ይፈልጋል፣ ከውሃው ይልቅ በቀላሉ ይጨመቃል፣ ኤሌክትሪክም እንደ ጨዋማ ውሃ አያስተላልፍም። እነዚህ ሦስት ልዩነቶች ናቸው ከላይ ሆነን እንድናየው የሚያደርጉን።

ይህን ለማስረዳት ከእርስዎ አገር የተሻለ ምሳሌ የለም። በሰሜን ባህር የሚገኘው የስላይፕነር ጋዝ ማውጫ ከ1996 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀብር ቆይቷል። ከጉድጓዱ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ 9 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። ገበያው ግን ከ2.5 በመቶ በላይ አይቀበልም። ኖርዌይ በ1991 የካርቦን ግብር ስለጣለች ትርፉን ወደ አየር መልቀቅ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ ኡትሲራ ወደሚባል የአሸዋ ንብርብር ውስጥ፣ ከባህር ጠለል 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ተከተተ።

ብልህነቱ ከመጀመሪያው ቶን በፊት መለካቱ ነበር። በ1994 መርከብ በቦታው ላይ እየተመላለሰ በአየር መድፍ ውሃ ውስጥ ድምፅ ለቀቀ። ድምፁ ወደ ታች ሄዶ ከየዓለቱ ድንበር እየነጠረ ሲመለስ ከመርከቡ ኋላ በሚጎተቱ ረጃጅም ኬብሎች ላይ ባሉ መስሚያዎች ተቀዳ። ሴይስሚክ የሚባለው ይኸው ነው። በ1999 ያው ልኬት በዚያው ቦታ ላይ ተደገመ፤ ከዚያም በ2001፣ በ2002፣ በ2004፣ በ2006፣ በ2008 እና ከዚያ በኋላም። አዲሱን ምስል ከአሮጌው ሲቀንሱት ያልተለወጠው ዓለት ይጠፋል፣ የተለወጠው ይቀራል።

የቀረው ነገር ባለሙያዎችን አስገርሟል። ጋዙ አንድ ክምር ሆኖ አልተገኘም። አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ 9 ደማቅ ንጣፎች ታዩ። በአሸዋው ውስጥ 1 ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ስስ የሼል (የጭቃ ዓለት) ንብርብሮች አሉ። በ1994ቱ ምስል ላይ አይለዩም ነበር፤ ጋዙ ከስራቸው ሲተኛ ግን ቦታቸውን አሳበቀ። እየሾለከም በ3 ዓመት ውስጥ የአሸዋው ጣሪያ ላይ ደረሰ። እዚያ ዋናው ክዳን፣ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠረው ጭቃማ ዓለት አስቆመው። ከዚያ በኋላ የላይኛው ንጣፍ የጣሪያውን ጉብታ ተከትሎ ወደ ሰሜን ተዘረጋ፤ የኮምፒውተር ሞዴሎቹ ከገመቱትም ፈጠነ። እኔ ይህን ለሚጠይቁኝ ሁሉ እነግራለሁ። ክትትሉ ግምታችን የት ላይ እንደሳተ ማሳየቱ እምነቴን ያጠናክረዋል እንጂ አይቀንሰውም። ከክዳኑ በላይ ባለው ዓለት ላይ ግን ለውጥ አልታየም።

ደማቅ የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው። ጨዋማ ውሃ የሞላው የኡትሲራ አሸዋ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 2,050 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባበት ወደ 1,400 አካባቢ ይወርዳል። ፍጥነቱ በዚህ ያህል ሲለወጥ ከድንበሩ የሚነጥረው ድምፅ ይጠነክራል። በጋዙ ውስጥ አልፎ ከታች የሚመለሰው ድምፅ ደግሞ ይዘገያል። በምስሉ ላይ ከስር ያለው ዓለት ወደ ታች የሰመጠ ይመስላል። አልሰመጠም፤ የዘገየው ድምፁ ነው።

አሁን ወደ ወሳኙ ችግር ልግባ። ጢም ብሎ በውሃ የተሞላ ጀሪካን ቢጨምቁት እሺ አይልም። ትንሽ አየር ያስገቡበት፣ ወዲያው ይለመጣል። አየሩን እጥፍ ቢያደርጉት ግን ልመጣው እጥፍ ሆኖ አይሰማዎትም። ዓለቱም እንዲሁ ነው። በክፍተቶቹ ውስጥ ካለው ፈሳሽ 20 ወይም 30 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ፣ በደንብም ከተቀላቀለ፣ የድምፁ ፍጥነት አብዛኛውን መውረድ ያለበትን ወርዷል። ከዚያ በኋላ 50 ይሁን 80 በመቶ ሴይስሚኩ እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ሴይስሚክ «የት አለ?» ለሚለው ጎበዝ ነው፤ «ስንት አለ?» ለሚለው ደካማ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጋዝ ደግሞ ጭራሽ አያየውም ማለት ይቻላል። በቀለም ያሸበረቀ የሴይስሚክ ምስል አሳይቶ «ይኸው ሁሉም እዚህ አለ» የሚል ሰው ከገጠመዎ ከምስሉ በላይ እየተናገረ ነው።

«ስንት» የሚለውን የሚያግዘው ስበት ነው። ቀላል ነገር ከባዱን ውሃ ገፍቶ ቦታውን ሲይዝ ከላዩ ያለው የመሬት ስበት በጥቂቱ ይቀንሳል። ልዩነቱ የምድር ስበት ቢሊዮንኛ እጆች ጥቂቶቹ ነው። ስላይፕነር ላይ በ2002 የባህር ወለሉ ላይ 30 ያህል የኮንክሪት መቆሚያዎች ተቀመጡ። ሰው አልባ የባህር ሮቦት መለኪያውን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ለካ። በ2005፣ በ2009 እና በ2013 ተደገመ። የመቆሚያዎቹ ጥቅም መለኪያው በየጊዜው ያው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ነው። ከፍታው በጥቂት ሳንቲሜትር ቢለይ ያ ብቻውን የምንፈልገውን ለውጥ ሊውጠው ይችላል። ስበቱ ጋዙ ከታች ያለውን እፍግታ ለማስላት አስችሏል። ሴይስሚኩ የማያየውን መሟሟትንም ወሰን አበጅቶለታል፤ በዓመት የሚሟሟው ከ2 በመቶ እንደማይበልጥ ተሰላ። ምስሉ ግን ድፍን ነው። ስበት ቀጭን ንጣፍን ከወፍራም አይለይም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ነገሩ የሚያዝ።

የኤሌክትሪኩን ባጭሩ ልለፈው። በርሊን አጠገብ ኬትሲን በተባለች ከተማ ከ2008 እስከ 2013 ድረስ 67,000 ቶን ያህል ተቀብሮ ነበር። እዚያ ኤሌክትሮዶች ከጉድጓዱ ቱቦ ውጭ ተተክለው ጨዋማው ውሃ በጋዝ ሲተካ ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሙ ሲጨምር በግልጽ ታይቷል። ጥልቀቱ ከ700 ሜትር ያነሰ ስለሆነና መሣሪያው ጋዙ አጠገብ ስለነበር ተሳካ። ከባህር ወለል ላይ ሆኖ ግን በጣም ከባድ ነው።

ከአፍሪካ አልጄሪያን ላንሳ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ብዙ ያስተማረን እሷ ናት። ኢን ሳላህ በረሃ ላይ ከ2004 እስከ 2011 ድረስ 3.8 ሚሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 1,900 ሜትር ጥልቀት ገባ። ዓለቱ ቀጭን ነው፣ 20 ሜትር ገደማ፤ ጋዝ እንደልብም አያሳልፍም። ስለዚህ ግፊቱ ጨመረ። ከጠፈር በራዳር የሚያዩ ሳተላይቶች የበረሃው ወለል በጉድጓዶቹ አካባቢ በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ሲነሳ ለኩ። ያን ያህል ስስ ለውጥ ከመቶዎች ኪሎሜትር ከፍታ መለካቱን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። በአንደኛው ጉድጓድ ላይ እብጠቱ አንድ ጉብታ መሆኑ ቀርቶ ጎን ለጎን ሁለት ሆነ። በመካከሉ ረባዳ አለ። ይህ ቅርጽ የሚያመለክተው ከታች ቁልቁል የቆመ ስንጥቅ መከፈቱን ነው። በኋላ የተሠራው ሴይስሚክም በዚያው መስመር ላይ ምልክት አገኘ። ስንጥቁ የክዳኑን የታችኛ ክፍል ሳይነካ እንዳልቀረ ሲታመን ማስገባቱ በ2011 ቆመ። ጋዙ በዚያ ስንጥቅ በኩል ክዳኑን አልፎ ምድር ላይ ከመድረሱ በፊት ማለት ነው።

ይህ የራዳር ዘዴ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎሜትር ገደማ ርዝመት ባለው መስመር ቅልጥ ዓለት ሰርጎ ሲገባ መሬቱ ሜትሮች ሲከፈት ያሳየን ይኸው ዘዴ ነበር። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ያስነቀነቀው የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ ሲመጣም ባለሙያዎች ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ የሳተላይት ራዳር ነው። ለእርስዎ ጉዳይ ግን አያገለግልም፤ የሳተላይት ራዳር የባህር ወለልን አያይም።

ከባህር በታች ሲሆን ቀድሞ የሚናገረው ግፊት ነው። ሰሜን ኖርዌይ፣ ባሬንትስ ባህር ያለው የስኖቪት ጋዝ ማውጫ ይህን አሳይቷል። በ2008 ማስገባት ሲጀመር በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከተጠበቀው በላይ እየወጣ ሄደ። እንዲህ ሲሆን ሁለት ነገር ይጠረጠራል፦ ወይ የጉድጓዱ አፍ በጨው ተደፍኗል፣ ወይ ማከማቻው ከታሰበው ጠባብ ነው። በ2009 የተደረገው ሴይስሚክ ጋዙ ሩቅ እንዳልሄደና ከጉድጓዱ ዙሪያ እንደታጎረ አሳየ። ማከማቻው ጠባብ ነበር። በ2011 ያንን ንብርብር ትተው ከፍ ወዳለ ሌላ ንብርብር ቀየሩ። የግፊት መለኪያ ርካሽ ነው፣ በየደቂቃው ይለካል፣ ሴይስሚክ ግን ውድ ስለሆነ በዓመታት ልዩነት ነው የሚሠራው። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግፊትን እመርጣለሁ።

ወደ «ስንት ቶን ሲደርስ ታዩታላችሁ?» ልመለስ። የማውቀው ግልጽ መልስ ከአውስትራሊያ ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ ኦትዌይ በተባለው የምርምር ጣቢያ 15,000 ቶን ሆን ተብሎ 1,500 ሜትር ጥልቀት ላይ ገብቶ ከስንት ቶን ጀምሮ እንደሚታይ ተፈተሸ። 5,000 ቶን ሲደርስ ሴይስሚኩ ላይ ታየ። ይህ ትልቅ ስኬት ነው። ግን ቁጥሩን ገልብጠው ያንብቡት። በዚያ ጥልቀት፣ በዚያ ዓለት፣ በዚያ መሣሪያ 500 ቶን ቢሾልክ ላይታይ ይችላል። በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ለሚቀብር ጣቢያ 5,000 ቶን ማለት ግማሽ በመቶ ነው።

በሌላ በኩል የሐሰት ማንቂያም አለ። በ2011 ካናዳ፣ ሳስካቸዋን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ምድር ከሚገባበት ከዌይበርን ነዳጅ ማውጫ አጠገብ ያለ እርሻ ባለቤቶች ከመሬታቸው ጋዝ እየወጣ ነው ብለው ለሕዝብ አሳወቁ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር፣ አፈራቸው ውስጥም ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተገኝቷል። ግን አፈር ሁልጊዜም ይተነፍሳል፤ ሥርና ተህዋሲያን ኦክስጅን ወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። መርማሪዎች ሁለቱን አነጻጸሩ። ኦክስጅኑ በቀነሰበት ልክ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጨምሯል፤ ይህ የትንፋሽ ምልክት ነው። ዌይበርን የሚገባው ጋዝ ደግሞ ከድንጋይ ከሰል የመጣ ስለሆነ ካርቦን 14 (በቅርብ ጊዜ ከኖሩ ነገሮች ውስጥ የሚገኝ፣ ጥንታዊ ከሰል ውስጥ ግን ያለቀ የካርቦን ዓይነት) የለበትም፣ የአፈሩ ግን ነበረበት። አፈሩ ማስገባቱ ከመጀመሩ በፊት ለዓመት ያህል በየወቅቱ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ያ ቤተሰብ ያን ሁሉ ጭንቀት ባልተሸከመ ነበር። የመነሻ ልኬት የሰው ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እኔን በእውነት የሚያሳስበኝ ግን ጉድጓድ ነው። ዓለት ሚሊዮኖች ዓመት ዘይትና ጋዝ ይዞ እንደሚኖር አይተናል። ብረትና ሲሚንቶ ግን ያረጃሉ። ኢን ሳላህ ላይ በ2007 ጋዝ የወጣው በአሮጌ የፍለጋ ጉድጓድ በኩል ነበር። በእያንዳንዱ ማስገቢያ ጉድጓድ የተለየ መለያ ኬሚካል ይጨመር ስለነበር ከየትኛው እንደመጣ ታወቀ፤ መጠኑም ጥቂት ነበር። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ፣ ዲኬተር ባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀበሪያ ላይ ደግሞ በ2024 የታወቀው ችግር ይበልጥ ያሳዝናል። ለክትትል ተብሎ የተቆፈረው ጉድጓድ ራሱ በዝገት ተበልቶ ፈሳሹ ካልተፈቀደለት ንብርብር ገባ። ሴይስሚክ እንዲህ ያለውን ቀጭን መንገድ አያይም። የጉድጓዱን ቱቦ ከውስጥ የሚመረምሩ መሣሪያዎች፣ የሙቀት መለኪያና በቱቦው ጎን የሚዘረጋ ፋይበር ኦፕቲክ ናቸው የሚያዩት።

እንግዲህ የእርስዎ ሰፈር። ከብሬቪክ ሲሚንቶ ፋብሪካ በመርከብ የመጣው የመጀመሪያው ጋዝ በነሐሴ 2025 ከኦይጋርደን ተነስቶ 100 ኪሎሜትር ገደማ በቧንቧ ተጉዞ ከባህር ወለል በታች 2,600 ሜትር ላይ ገባ። ከቤትዎ ስር አይደለም። ጥልቀቱ ለደህንነት ጥሩ ነው፤ ከላይ ብዙ ዓለት አለ። ለክትትል ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዓለቱ በጠለቀ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። ጠንካራ ዓለት ውስጥ ደግሞ ፈሳሹ ቢቀየርም የድምፁ ፍጥነት ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ የስላይፕነርን ደማቅ ምስል አሳይተው «እዚህም እንዲሁ ይታያል» ቢሉዎ አይቀበሉ። የኡትሲራ አሸዋ ልል ስለሆነ ነው ያን ያህል ያማረው። ትንንሽ መንቀጥቀጦችን ለመስማት ኖርሳር የተባለው ተቋም ከበርገን በስተሰሜን በሆልስኖይ ደሴት ላይ የመሣሪያ ስብስብ ተክሏል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግፊት አሮጌ ስንጥቆችን ቢነካ ቀድሞ የሚሰማው እንዲህ ያለ ጆሮ ነው።

ሕጉም ከጎንዎ ነው። ኖርዌይም የምትከተለው የ2009 የአውሮፓ ሕብረት መመሪያ ቀባሪው ድርጅት የክትትል ዕቅድ እንዲያቀርብና ቢያንስ በ5 ዓመት አንዴ እንዲያድሰው ያስገድዳል። ማከማቻው ከተዘጋ በኋላም ኃላፊነቱ ወደ መንግሥት ከመሸጋገሩ በፊት በመርህ ደረጃ ቢያንስ 20 ዓመት ክትትል ይጠበቅበታል። ስለዚህ የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ ይሂዱና እንዲህ ይጠይቁ። በዚህ ጥልቀት ሴይስሚካችሁ የሚያየው ዝቅተኛ መጠን ስንት ቶን ነው? ግፊቱ ስንት ባር ሲደርስ ነው ማስገባቱን የምታቆሙት፣ የማቆም ሥልጣን ያለውስ ማን ነው? በአካባቢው ስንት አሮጌ ጉድጓድ አለ፣ እያንዳንዱስ መቼ ተፈተሸ? እዚያው ካልመለሱልዎ በጽሑፍ ለኖርዌይ የአካባቢ ጥበቃ ዳይሬክቶሬት ይላኩት፤ የአካባቢ መረጃ የመጠየቅ መብት ከ2003 ጀምሮ በአገሪቱ ሕግ ተደንግጓል።